ድንኳን የተተከለበት የቴኒስ ሜዳ

ከእማማ ጋር የተዋወቅነው በርበሬ አጭበርባሪ መስያቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ከፒያሳ ወደ አፍንጮ በር ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ያረጀ ክበብ አለ። ክበብ ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል ቤት፣ የስንቱ ክርን ሲፈትገው የኖረ አንድ ባንኮኒ፣ ሲያሰኘው ብቻ የሚሠራ የማኪያቶ ማሽን፣ ከጀርባ ደግሞ አንድ የቴኒስ ሜዳ። ሜዳው ሲሚንቶ አይደለም፤ ቀይ አፈር ነው። አራት ኪሎ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ እዚያ እየሄድኩ ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። አንድ ዓመት በክበቡ ስብሰባ ላይ ስለ ሜዳው መጎድጎድ አብዝቼ ጮኽኩ። ኳሷ መሬት ስትነካ ወደ ፈለገችበት ትሄዳለች፣ ይኼ ቴኒስ ነው ወይስ ቁማር፣ አልኩ። ሰብሳቢያችን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁና፣ "እንግዲህ ሕመሙን የምታውቀው እሷ ናት፤ መድኃኒቱንም ለእሷ እንተውላት" አሉ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ። በአገራችን ስብሰባ ብዙ የተናገረ ይሾማል። እኔም በዚሁ መንገድ የሜዳ ኃላፊ ሆንኩ፤ ደመወዝ የለው፣ ጠረጴዛ የለው፣ መጥረጊያ ብቻ።

ከዚያ ወዲያ እየሠራሁ ተማርኩ። የቀይ ሜዳ ላዩ የተፈጨ ጡብ ነው። ከሥር ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከሁሉም በላይ እንደ በሶ የላመ የጡብ ዱቄት። ክረምት ያን ዱቄት አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ አሮጌው ይፋቃል፣ የጎደጎደው ይሞላል፣ አዲስ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሲሚንቶ በተሞላ በርሜል ይዳመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ስብርባሪ ጡብ ገዝቼ በቀን ሠራተኛ አስወቀጥኩና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከግንቡ ሥር ሸራ ዘርግቼ፣ አፍና አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ በወንፊት እነፋለሁ። ዱቄቱ ቀልቶ ቀልቶ ዓይን ይስባል። ከግንቡ በላይ የአንዲት አሮጊት ራስ ብቅ አለ።

"ልጄ፣ እግዜርን አትፈሪም?"

"ምን አደረግኩ እማማ?"

"ይኼን ጡብ ከበርበሬ ቀላቅለሽ ለሰው ልጅ ልትሸጪ አይደል? በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የኛን ጨጓራ የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ!"

"ኧረ ለሜዳው ነው እማማ።"

"ሜዳ በርበሬ ይበላል እንዴ?"

ራሳቸው ከግንቡ ወረደ። ከሰዓት በፊት ወሬው ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶት ነበር። ውኃ ልገዛ በር ላይ ወዳለው ሱቅ ብሄድ ባለሱቁ፣ የወሎ ሰው ነው፣ ሳይስቅ የሚቀልድ፣ ጠርሙሱን እያቀበለኝ፣ "እህቴ፣ ለበዓል ትንሽ ታስቀሪልናለሽ አይደል? ሸክላው ግን ይቅርብን" አለኝ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቁጡ ነኝ፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ሻሼን ፈትቼ፣ ፊቴ በጡብ እንደ ቀላ፣ የእማማን በር ልደበድብ ስነሣ ያገላገሉኝ ባለቤታቸው ናቸው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ የሰው ኮት ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ቤታቸው ከሜዳው ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። በግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ የወደቀበት ቀዳዳ ነበር፤ ጋሼ ለካ በዚያ ቀዳዳ ፊት ለፊት ወንበራቸውን አስቀምጠው ለዓመታት ቴኒስ ሲያዩ ኖረዋል። በበሩ ዞረው መጡና ከዱቄቱ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱ። "አንቺ፣ ይኼ የኳሱ ነው!" ብለው በቀዳዳው በኩል ለሚስታቸው ጮኹ። እማማ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። በማግስቱ ግን በላስቲክ የተቋጠረ እውነተኛ በርበሬ ላኩልኝ፤ ልዩነቱን እንድታውቂው ብዬ ነው፣ ከሚል መልእክት ጋር። ወጥ ሠራሁበት። እንደዚያ ያለ በርበሬ ቀምሼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሆንን ማለት ይቻላል። ኳስ ግንቡን ተሻግራ እማማ ግቢ ስትገባ ጠባችን ይታደሳል። ወጥ ውስጥ ገባች፣ ዶሮ አስደነገጠች፣ አበዳሪ ይመስል በየቀኑ ትመጣለች፣ ይሉኛል። ጋሼ ደግሞ ከግንቡ ወዲያ ሆነው ይዳኛሉ። ሁለት ተጫዋቾች ኳሷ መስመር ነካች አልነካችም ብለው ሲጨቃጨቁ ከግንቡ ውስጥ "ወጣች!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ጭቅጭቁ ያበቃል። የልብስ ሰፊ ዓይን በመስመር አይቀልድም፣ ይሉ ነበር የክበቡ ሰዎች። አንዴ እኔ ላይ "ወጣች!" ብለው ፈርደውብኝ ሳምንት አኩርፌያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ኩርፊያዬን ልብ ያሉትም አይመስለኝም።

ሜዳ መንከባከብ ከውኃ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። ቀይ ሜዳ ሲጠማው አቧራ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል፤ ሲበዛበት ደግሞ ይጨቀያል፣ ጫማም ይዞ ይቀራል። የክበቡ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። በፈረቃው ቀን ንጋት ላይ ደርሼ በርሜሎቹን እሞላለሁ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቴ ጨቁኜ እንደ ካፊያ አዘንብበታለሁ። ሜዳው ውኃውን ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ነው፣ እኔ ግን በበጋም አገኘዋለሁ። መስመሩን በኖራ አድሳለሁ። በርሜሉን ከዘበኛው ጋር እንገፋለን። ጠዋት መሥሪያ ቤት ስገባ ካልሲዬ ቀይ ነው፣ ጥፍሬ ሥር ቀይ ነው። የአራት ኪሎ ታክሲ ረዳቶች አውቀውኛል። አንዱ በሩን ከፍቶ፣ "እናት፣ እግርዎትን ያራግፉ፤ መኪናዋ ዛሬ ነው ገላዋን የታጠበችው!" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። መሥሪያ ቤት ወረቀት ስገለብጥ የምውልበት ነገር ይጠቅም አይጠቅም አንዳንዴ አላውቅም። ሜዳው ግን የሠራሁለትን ያን ቀን ይመልስልኛል፤ ኳሷ ትክክል ትነሣለች። ደስተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ የእማማ ቤት ሲፈርስ አላየሁም። ማታ ስመጣ ግንቡ ብቻ ቆሟል፤ በቀዳዳው አጎንብሼ ባይ ወዲያ ማዶ ሰማይ ነበር። ቦታው ተደልድሎ በቆርቆሮ ታጠረ። ክበቡ ከሚፈርሰው መስመር ውጭ ነው ተብሎ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ተበተነ፤ ባለሱቁ በአንድ በኩል፣ እማማና ጋሼ በሌላ በኩል፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ቤቱ ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል፤ እማማም ይህን አይክዱም። "ቤቱስ ቤት ነው" አሉኝ አንድ እሑድ፣ "ሰላም የምለው ሰው ነው የጠፋኝ።"

ዕድሩ ግን አልፈረሰም። የዕድሩ ዳኛ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሰው መሰብሰብ ይችሉበታል። የሚሰበሰቡበት ቢያጡ ከክበቡ ሁለት ክፍል አንዷን በወር ለአንድ እሑድ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸው። በዚያች እሑድ የተበተነው ሰፈር በሦስትና በአራት ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል። ጋሼ ስብሰባ አይወዱም። እሳቸው ከሜዳው ዳር ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ አሁን ግንቡ ስለማይጋርዳቸው ድምፃቸው ይበልጥ ይሰማል።

ባለፈው ጥቅምት የዓመቱን እድሳት ጨርሼ ነበር። እንደዚያ ዓመት አምሮልኝ አያውቅም። ፍቄ፣ ሞልቼ፣ ነፍቼ፣ ነስንሼ፣ አጠጥቼ፣ ደጋግሜ ዳምጬ፣ ማንም ሳይረግጠው ሰንብቶ ነበር። ቅዳሜ ሊከፈት፣ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ በፊት ኖራውን እየቀባሁ ሳለ የዕድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በበሩ ቆሙ።

"ልጄ፣ ጋሼ ሌሊቱን ዐረፈ" አሉኝ።

እዚያው በመስመሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዳኛው አላባበሉኝም፤ ጠበቁኝ። ሲበርድልኝ፣ "ቀብሩ ነገ ነው። ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ቸግሮናል" አሉ።

"ኮንዶሚኒየሙስ?"

"መኪና ማቆሚያው ላይ ይቻላል። ግን ማን ይመጣል? የኛ ሰው ግማሹ በዚያ ዳር፣ ግማሹ በዚህ ዳር ነው። ሽማግሌው ሁሉ ከተማውን አቋርጦ ሦስት ቀን ይመላለስ? ለሁሉም እኩል የሆነው ይኼ ነው፣ መሐል አራዳ። ሚስቱም እንቢ ብላለች። 'ለባሌ በማያውቀው ሰፈር አላስለቅስም፤ እዚያ የሚያለቅስለት ቢኖር ሊፍት ጠባቂው ብቻ ነው፣ እሱም ሊፍቱ ስለማይሠራ አይመጣም' አለችን።"

የሚሉት ገባኝ። ከበስተጀርባቸው በሩ፣ ከበስተጀርባዬ ሜዳው ነው። በዚያ ሁሉ አካባቢ ሳይታጠርና ሳይቆፈር የቀረ ደልዳላ መሬት ይኸው አንዱ ነው። ዞሬ አየሁት። እንደተነጠፈ ጨርቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሆዴ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ በአንዱ ጋሼን እያለቀስኩ፣ በሌላው ሜዳዬን።

"ካስማው ምን ያህል ይገባል?" አልኩ።

"የብረት ነው፤ ክንድ ያህል።"

"ክንድ!"

"ነፋስ አለ ልጄ። ድንኳን ሐዘንተኛ ላይ ቢወድቅ ምን ሊባል ነው?"

ያን ጊዜ እማማን አሰብኳቸው፤ በዚያ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የማያውቋቸው ሰዎች እየተጠማዘዙ ሲያልፉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቻቸውን ሲቀመጡ። ወደ ለቅሶ የሚመጣ ሰው ሟቹን ካላወቀ ምን ብሎ ያለቅሳል? "ትከሉ" አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ግን ቁጣዬ ተከትሎ መጣ። እሳት በሜዳው ላይ አይነድም። ንፍሮ የሚቀቀለው ከበር ውጭ ነው። የወንበር እግር ሥር ጣውላ ይደረግ። ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት አትገባም፣ የሟቹ እህትም ብትሆን።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "ልጄ፣ ለቅሶ ነው ወይስ ቦሌ ፍተሻ?" አሉኝ። ሁለታችንም ዓይናችን እንባ እንዳቆረ ሳቅን።

ለሰብሳቢያችን ደወልኩ። ሜዳው ቅዳሜ አይከፈትም፣ ጋሼ ዐርፈውብናል፣ ድንኳን ልናቆም ነው፣ አልኳቸው። ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ "ከክበቡ ወንበሮች ስንቱን ላስወጣ?" ብለው ጠየቁኝ።

ድንኳኑ ዓርብ በጠዋት መጣ። መረቡን ጠቅልዬ አነሣሁ። የዕድሩ ወንዶች ካስማውን በመዶሻ ሲመቱ ምቱ ጥርሴ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ወደ ባንኮኒው ሄጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ስመለስ ወንበሮቹን እየደረደሩ ነው፤ ቀጥ አድርገው፣ በኖራው መስመር ላይ። "አይ የናንተ ነገር" አለኝ አንዱ፣ "ለወንበር ድርደራ እንኳ መስመር አስምራችሁ ጠበቃችሁን!" ለእማማ ፍራሽ ከሜዳው አንድ ጫፍ፣ ከመስመሩ ጀርባ ተነጠፈ።

እኔ በር ላይ ቆምኩ፤ ታኮ ልከለክል። ከቀብር መልስ የመጀመሪያዋ ሴት "ጋሼ! የሰፈሬ ጌታ!" እያለች ደረቷን እየደቃች መጣች፤ እግሯን ባይ ታኮ ነው። አፌን ከፈትኩ። ለሐዘንተኛ ሴት "ጫማሽ" ይባላል? አፌን ዘጋሁ። እሷ ግን በሩ ላይ ደርሳ ያን ቀይ፣ ልስልስ፣ የእግር ዱካ የሌለበት መሬት ስታይ ለቅሶዋን ገታ አደረገች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ከግንቡ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች። ከኋላዋ ያሉት ለምን ብለው አልጠየቁም፤ አወለቁ። ባለሱቁ ከነቤተሰቡ መጣ፤ እነሱም ቤታቸው የለመዱት ነውና ሳያመነቱ አወለቁ። ሽማግሌዎቹ በከዘራቸው ተደግፈው የጫማቸውን ክር እስኪፈቱ ሰው ቆሞ ጠበቃቸው። ከሰዓት በኋላ ከግንቡ ሥር የጫማ ሰልፍ ነበር። አንድ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ጽላት ገብቶበታል እንዴ?" አለኝ። የጡብ ዱቄት ነው ልለው ነበር፤ ተውኩት።

እነዚያን ሦስት ቀናት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሐዘን ነው፤ እማማ ፍራሹ ላይ ሆነው ሰው በገባ ቁጥር ይነሡና ያለቅሳሉ። ግን የሰፈሩ ሰው ከተበተነ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ተገናኝቶ ነበር። ለወሯ እሑድ የማይመጡት፣ የታመሙት፣ ከሩቅ ያሉት፣ ሁሉም መጡ። ልብ ብዬ ሳይ ማንም ሳያዛቸው እንደ ቤታቸው ተራ ነው የተቀመጡት። ቧንቧው አጠገብ የነበሩት ከቧንቧው አጠገብ ከነበሩት ጋር፣ የላይኞቹ ከላይ፣ የታችኞቹ ከታች። ባለሱቁ በበሩ አጠገብ። ያን ጋሼ ያዩበት የነበረው ቀዳዳ ከድንኳኑ ጎን ግንቡ ላይ አለ፤ ማንም ጀርባውን አልሰጠውም፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፣ ማን ወለደ ማን ዳረ ይጠያየቃሉ። ወንዶቹ ካርታ ይዘው ያመሻሉ። የጋሼ ነገር ሲነሣ፣ የክበቡን ሰብሳቢ ሱሪ አሳጥረው ሰፍተው "አንተ ነህ የረዘምከው" ያሉት ሲወራ፣ ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ፤ እማማም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ እንደገና አለቀሱ። ማታ ሰው ሲወጣ ሁሉም ካልሲው ቀይ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያን ቀይ ከተማው ዳር ድረስ ይዘውት ሄዱ።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ድንኳኑ ተነሣ። የካስማውን ጉድጓድ ራሴ እሞላዋለሁ ብዬ ለዳኛው አስጠንቅቄ ነበር። ሰው ግን ውለታ አያድርብን ሲል አይሰማም። እኔ ለጉዳይ ወጣ ባልኩበት ወንዶቹ እንደሚያውቁት ደጉን ሥራ ሠሩ፤ ጭቃ አቡክተው፣ የጤፍ ጭድ ደባልቀው፣ የቤት ግድግዳ እንደሚመረግ ጉድጓዶቹን ሁሉ መረጉልኝ። ጭዱ ውስጥ ፍሬ ቀርቶ ኖሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እኔው ማታ ማታ ውኃ እያጠጣሁ፣ በቀይ ሜዳ ላይ ጤፍ በቀለልኝ። አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ በድንኳኑ ልክ ዙሪያውን ተሰልፎ። ሰብሳቢያችን ሊያዩ መጥተው፣ "ምርቱ ለክበቡ ነው ወይስ ለኃላፊዋ?" አሉኝ። በቢላ እየነቀልኩ የዕድሩን ወንዶች በስማቸው እየጠራሁ ስራገም ዋልኩ፤ እየሳቅኩም ነበር።

ይህ ግን የኋላ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት የጤፉን ገና አላውቅም፤ የማውቀው ሜዳዬ ስንት ቦታ እንደተጎዳ ለማየት ከሥራ በፊት መሄድ እንዳለብኝ ብቻ ነው። ፀሐይ ገና የግንቡን ጫፍ ይዛለች። ዘበኛው በሩን ከፍቶ በአገጩ ወደ ውስጥ ጠቆመኝ።

እማማ ናቸው። ሌሊቱን አራት ኪሎ የእህታቸው ልጅ ዘንድ አድረው ነው የመጡት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በእጅ መጥረጊያ አጎንብሰው ሜዳውን ይጠርጋሉ። ቀይ ሜዳ የሚጠረገው ከዳር ወደ መሐል ነው፤ እየተዞረ፣ በሰፊ መጥረጊያ፣ ዱቄቱ እንዳይወጣ በቀስታ። በዚህ ጉዳይ ያልጮኽኩበት የክበብ አባል የለም። እማማ የሚጠርጉት ቤት እንደሚጠረግ ነው፤ ከጓዳ ወደ በር፣ ቀጥ አድርገው፣ ጠንከር አድርገው፣ እያንዳንዱን ጥግ። ያን ሁሉ የነፋሁትን፣ የነሰነስኩትን፣ የዳመጥኩትን ዱቄት እየፋቁ ወደ በሩ ያመጡታል። ከኋላቸው የቀረው ሥሩ ጠጠሩ የሚታይ መሬት ነው። በሩ አጠገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀይ ክምር ቆሟል፤ ዘበኛው በአካፋ ወደ ውጭ እያወጣው ኖሯል።

"እማማ!" ብዬ ጮኽኩ።

ቀና አላሉም። "መጣሽ? ቆይ ልጨርስ" አሉኝ። መጥረጊያቸው አልቆመም። "ያኔ ቤቴን ሳልጠርግ ነው የወጣሁት። ዕቃው ተጭኗል፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። መጥረጊያ ባነሣ፣ 'ለሚፈርስ ቤት ምን ጠረጋ ያስፈልገዋል፣ ይውጡ እማማ' አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማን ሊገባበት። ግን ከሱ ጋር ያረጀሁበትን ቤት ከነጉድፉ ጥዬው ወጣሁ። ጋሼ አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ እኔ ነኝ ያልተኛሁት። ሴት ልጅ ከቤቷ ጠርጋ ነው የምትወጣው። አሁን እንግዲህ እሱንም ከዚህ ሸኘሁት፤ ሰዉም ተሸኘ። ጠርጌ ልውጣ።"

ቁጣዬን ፈለግኩት፤ አልነበረም። ደረቁ ዱቄት እየተነሣ ፊታቸውን አልብሷቸዋል፤ ያስላቸዋል። ወደ በርሜሉ ሄድኩና በጆግ ውኃ ቀዳሁ። የአፈር ቤት ከመጠረጉ በፊት አቧራው እንዲተኛ እንደሚደረገው፣ እየዘገንኩ ከፊት ከፊታቸው እረጭ ጀመር። እሳቸውም እንደ ተገቢ ነገር ቆጥረው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። እኔ እየረጨሁ፣ እሳቸው እየጠረጉ፣ ያን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አዳረስነው። የመጨረሻውን ጭብጥ ዱቄት ከበሩ ደፍ ወዲያ አወጡት።

ያኔ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ዞረው አዩት። ኖራው ጠፍቷል፣ ጠጠሩ ወጥቷል፣ የካስማው ጭቃ ዙሪያውን ይታያል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፉ ይመስል እያንዳንዱን ጥግ በዓይናቸው ዳሰሱት። ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው አራገፉ፤ መጥረጊያውን ለዘበኛው ሰጡ።

"አሁን ዝጊው" አሉኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። ክንዳቸውን ደግፌ ዳገቱን ወደ ታክሲው ወጣን።